ፕሮግራሙ እኔ ጋ ይሠራል፣ እርስዎ ጋ ለምን እምቢ አለ?

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ለሚገኝ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ላፕቶፔ ላይ እንከን አልነበረበትም። በፍላሽ ገልብጬ ሱቁ ውስጥ ስከፍተው ግን “ኤምኤስቪሲፒ140.ዲኤልኤል አልተገኘም” የሚል መልዕክት ወጣ። ባለሱቋ “ታዲያ ምኑን ነው የሠራኸው፣ ልጄ?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይሠራም፤ ላይብረሪ የሚባሉ የጋራ ፋይሎችን ይጠራል። እኛ ጋ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር አብረው ስለሚጫኑ ጉድለቱ አይታየንም። መፍትሔው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የተባለውን ነፃ ጥቅል ከማይክሮሶፍት አውርዶ ከፕሮግራሙ ጋር ማስረከብ ነው። ከ2015 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ለወጡት የቪዥዋል ስቱዲዮ ዕትሞች አንዱ ጥቅል ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጥቅሉ የሚመረጠው በፕሮግራሙ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ 32 ቢት ከሆነ ዊንዶውሱ 64 ቢት ቢሆንም የ32 ቢቱ ጥቅል ያስፈልጋል። የጎደለችውን አንዲት ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መለጠፍማ ቫይረስን ከነቤተሰቡ መጋበዝ ነው።

ፎንትም እንደዚሁ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በምርጫ የሚጨመር ስለሆነ ሁሉም ኮምፒዩተር ላይ አይገኝም። ደረሰኜን በኒያላ አሰናድቼው ስለነበር ሱቁ ውስጥ በኢብሪማ ተተክቶ ዋጋው ከመስመሩ ወጣ። ስለዚህ ማከፋፈል በሚፈቀደው በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ለወጥኩት።

ፕሮግራሙን፣ ጥቅሉንና ፎንቱን በኢኖ ሴትአፕ አንድ መጫኛ ፋይል አደረግኋቸው። በመጀመሪያ የሞከርኩት ቪዥዋል ስቱዲዮ ገብቶበት የማያውቅ የጓደኛዬ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ ወሰድኩት።