ከጽዋው በፊት ዕርቅ

በአዊ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ የጽዋ ማኅበር የቆየ ሥርዓት አለው፤ የተጣላ ማኅበርተኛ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። አገውና አማራ በዚህ ሥርዓት አብረው ኖረዋል፤ እኮራበታለሁ። ጉሙዙ ግን ከዚያ ጉባኤ ውጭ ነበር። ደገኛው በስድብ ስም ጠራው፤ እየፈነገለም ለባርነት ሸጠው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ንቀቱ አልተሻረም።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል የንጹሐን ደም ፈሰሰ፤ ከግድያው የሸሹ አማሮች፣ አገዎችና ሺናሻዎች ቻግኒ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። የጥንቱ በደል ለዚህ ግድያ ማመካኛ አይሆንም፤ ዝምታም መድኃኒት አይሆንም። ስለዚህ እላለሁ፦ ማኅበሮቻችን ስለ ተፈናቀለውም ስለ ተፈነገለውም ሳይሸሽጉ ይነጋገሩ፤ ጉሙዙንም ይጥሩ። ሃይማኖት ቢለየን ጽዋውን ላንጋራ እንችላለን፤ ዕርቁን ግን ልንነፍገው አይገባም።