የሆም ቴአትር ሪሲቨር አመራረጥ

የሆም ቴአትር ሪሲቨር (ኤቪ ሪሲቨርም ይባላል) በቤት ውስጥ ፊልም፣ ሙዚቃና ጌም በብዙ ስፒከሮች ለማድመጥ የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ከብሉ-ሬይ ወይም ከዲቪዲ ማጫወቻ፣ ከጌም ኮንሶልና ከመሳሰሉት የሚመጣውን ምስልና ድምፅ ይቀበላል። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ያሳልፋል፤ ድምፁን ደግሞ አጉልቶ በክፍሉ ዙሪያ ለተቀመጡት ስፒከሮች ያከፋፍላል። በኢትዮጵያ «ሪሲቨር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሳተላይት ዲሽ ሪሲቨርን ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ የዲሽ ሪሲቨር ለኤቪ ሪሲቨር ምስልና ድምፅ ከሚልኩለት ምንጮች አንዱ ብቻ ነው።

ይህ መጣጥፍ በተለይ አሮጌ ሪሲቨር ያለው ሰው በአዲስ ሲተካ ማወቅ የሚገባውን ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውስጥ ክፍሎቹና ዕድሜያቸው

ሪሲቨር ከውጭ አንድ ሳጥን ይምሰል እንጂ ውስጡ የበርካታ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ መቀበያ አለው (ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው)። ከብዙ ምንጮች አንዱን የሚመርጥ ክፍል፣ የታመቀውን ዲጂታል ድምፅ ፈትቶ ለየቻናሉ የሚለይ ፕሮሰሰር፣ በመጨረሻም ስፒከሮቹን የሚነዳ ማጉያ ወይም አምፕሊፋየር ከከባድ ትራንስፎርመሩ ጋር አለው።

እነዚህ ክፍሎች እኩል አያረጁም። ማጉያው ቀስ ብሎ የሚያረጅ ነው። ካፓሲተሮቹ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ሊደርቁ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሊንኮሻኮሽ ይችላል፤ ሆኖም በደህና የተያዘ የ20 ዓመት ማጉያ ዛሬ ከሚሸጠው መካከለኛ ሪሲቨር ማጉያ በጆሮ ላይለይ ይችላል። ዲጂታል ክፍሉ ግን ሳይበላሽም ያረጃል፤ ቴሌቪዥኑና ማጫወቻው የሚነጋገሩበት ደንብ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚለወጥ አሮጌው መሣሪያ ቋንቋው አይገባውም። ስለዚህ ሪሲቨር ለመቀየር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት የጎደለው ድምፅ ነው ወይስ መገናኛ የሚለውን ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

የደንቦቹ አመጣጥ

ዶልቢ ሰራውንድ ለቤት አገልግሎት የቀረበው በ1982 ሲሆን በ1987 ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ተከተለው። ሁለቱም ተጨማሪዎቹን ቻናሎች በሁለት ቻናል ስቴሪዮ ውስጥ ደብቀው የሚያሳልፉ ነበሩ። ዶልቢ ዲጂታል በ1992፣ ዲቲኤስ ደግሞ በ1993 በሲኒማ ቤቶች ተጀመሩ። ዲቪዲ በ1996 በጃፓን ገበያ ላይ ሲውል አምስት ቻናልና አንድ ሳብዉፈር፣ ማለትም 5.1፣ የቤት ውስጥ መደበኛ አቀማመጥ ለመሆን በቃ። የዚያ ዘመን ሪሲቨሮች ዲጂታሉን ድምፅ የሚቀበሉት በኦፕቲካል ወይም በኮአክሲያል ኬብል ነው።

ምስልንና ድምፅን በአንድ ኬብል የሚያሳልፈው የኤችዲኤምአይ የመጀመሪያ ደንብ በ2002 መጨረሻ ወጣ። በ2006 የወጣው 1.3 እንደ ዶልቢ ትሩኤችዲ ያሉ ጥራት የማይቀንስባቸውን የብሉ-ሬይ ድምፆች ሳይፈቱ ለማሳለፍ አስቻለ። በ2009 የመጣው 1.4 አርክ የተባለውን፣ ድምፅ ከቴሌቪዥን ወደ ሪሲቨር በዚያው ኬብል የሚመለስበትን መንገድ ጨመረ። በ2013 የወጣው 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት በማሳለፍ 4ኬ ምስልን በሰከንድ 60 ጊዜ ለማሳየት በቃ፤ በ2017 የወጣው 2.1 ደግሞ አቅሙን ወደ 48 ጊጋቢት አሳደገ፣ ኢአርክንም አመጣ። በድምፅ በኩል ከጣሪያ የሚመጣ ድምፅ የሚጨምረው ዶልቢ አትሞስ በ2012 በሲኒማ፣ በ2014 በቤት ሪሲቨሮች ሲጀመር፣ ተወዳዳሪው ዲቲኤስ፡ኤክስ በ2015 ተከተለ።

አንድ ምሳሌ

በ2007 የወጣው ኦንክዮ ቲኤክስ-ኤስአር605 ትሩኤችዲን በራሱ መፍታት ከቻሉት የመጀመሪያዎቹ ሪሲቨሮች አንዱ ነበር። በጊዜው ዘመናዊ የነበረ ሲሆን፣ ማጉያው ያልተበላሸበት ዛሬም በደንብ ይሠራል። የዚህ ሪሲቨር ባለቤት አዲስ 4ኬ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ቢገዛ ምን ይገጥመዋል?

ማጫወቻውን እንደ ድሮው በሪሲቨሩ በኩል ቢያገናኘው 4ኬ ምስል አያገኝም። አንደኛው ምክንያት የኤችዲኤምአይ 1.3 አቅም 10.2 ጊጋቢት ላይ መቆሙ ነው። ከዚህ የባሰው ኤችዲሲፒ የተባለው የቅጂ መከላከያ ነው፦ 4ኬ ፊልሞች በመንገዱ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ የዚህን ደንብ 2.2 እትም እንዲያውቅ ይጠይቃሉ፤ አንዱ ካላወቀ ምስሉ ወደ ዝቅተኛ ጥራት ይወርዳል ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ድምፁ ግን አልሞተም። በአትሞስ የተቀረጸ የብሉ-ሬይ ትሩኤችዲ ድምፅ በዚህ ሪሲቨር ላይ የጣሪያው መረጃ ታልፎ እንደ ተራ 7.1 ይጫወታል። አንዳንድ የ4ኬ ብሉ-ሬይ ማጫወቻዎች ሁለት የኤችዲኤምአይ መውጫ አላቸው፤ አንዱ ምስሉን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥን፣ ሌላው ድምፁን ብቻ ወደ አሮጌው ሪሲቨር ይልካል። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ያለው ሰው ሪሲቨር መቀየር ላያስፈልገው ይችላል።

ሳይገዙ መቆየት

ሁለተኛው አማራጭ ምንጮቹን ሁሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ድምፁን ብቻ ወደ ሪሲቨሩ መመለስ ነው። በኦፕቲካል ኬብል ሲመለስ ስቴሪዮ ወይም የታመቀ 5.1 ያልፋል፤ ትሩኤችዲ ግን አያልፍም። በአርክ በኩል ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ማለፍ ይችላል። ይህ ትንሽ ዝርዝር ቢመስልም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩት አገልግሎቶች አትሞስን የሚልኩት በዚሁ በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊልም በኢንተርኔት ብቻ የሚያይ ሰው አትሞስ የሚያውቅና አርክ ያለው ያገለገለ ሪሲቨር ይበቃዋል። ኢአርክ የግድ የሚሆነው የዲስክ ትሩኤችዲን ወይም ያልታመቀ ብዙ ቻናል ያለውን የጌም ድምፅ በቴሌቪዥኑ በኩል ለሚያሳልፍ ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት ሁሉም ነገር በቴሌቪዥኑ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ከውጭ የመጣውን ዲቲኤስ አያሳልፉም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ድምፁን ስለሚያዘገዩት የተናጋሪው ከንፈርና ቃሉ አይገጥሙም። ለመዘግየቱ ማስተካከያ በሪሲቨሩ ወይም በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ይገኛል።

የኤችዲኤምአይ ማስገቢያዎች

አዲስ ለመግዛት ከተወሰነ በኋላ ሳጥኑ ላይ «2.1» የሚል ጽሑፍ ማየት በቂ አይደለም። በ2.1 ደንብ ውስጥ ያሉት ባሕርያት አብዛኞቹ አማራጭ በመሆናቸው ጥቂቶቹን ብቻ የያዘ መሣሪያም በዚህ ስም ሊሸጥ ይችላል። መታየት ያለበት በሰከንድ ስንት ጊጋቢት እንደሚያሳልፍና (24፣ 32፣ 40) 4ኬን በሰከንድ 120 ጊዜ መቀበሉ ነው። ስድስትና ሰባት ማስገቢያ ባለው ሪሲቨር ላይ ሙሉ አቅም ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆኑ ስለሚችሉ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። በ2020 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የ2.1 ሪሲቨሮች አንዳንዶቹ ከአዳዲስ የጌም ኮንሶልና የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች ጋር በ120 ሲሠሩ ምስል የማይሰጥ ቺፕ ነበረባቸው፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። ጌም የማይጫወት ሰው ግን ስለ 120 የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። የፊልም ምስል አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ነው፤ ለዚያ 2.0 ይበቃል።

ዋት

ገዢዎችን በብዛት የሚያሳስተው ቁጥር ዋት ነው። አንድ አምራች «150 ዋት» ብሎ የሚጽፈው አንድ ቻናል ብቻ በ6 ኦም፣ በአንድ ኪሎኸርዝ፣ 10 በመቶ የድምፅ መዛባት እየተፈቀደ ተለክቶ ሊሆን ይችላል። ሌላው «80 ዋት» ሲል ሁለት ቻናል በአንድ ላይ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ ከ0.1 በመቶ ባነሰ መዛባት ለክቶ ይሆናል። ሁለተኛው በተግባር ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ግነት አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የማጉያ ዋት እንዴት ተለክቶ መነገር እንዳለበት ደንብ ያወጣው በ1974 ነው።

ቁጥሮቹ እውነት ሲሆኑም ልዩነታቸው ከሚታሰበው ያንሳል። ጆሮ ጉልበትን የሚሰማው በሎጋሪዝም ስለሆነ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ80 ወደ 100 ዋት ማደግ አንድ ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ይህንን በሳሎን ውስጥ ለይቶ መስማት ከባድ ነው። በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ከሚሰጥ ስፒከር ይልቅ 90 የሚሰጠውን መምረጥ የማጉያውን ጉልበት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ስፒከሮቹ 4 ኦም ከሆኑ ግን ሪሲቨሩ እንደሚችላቸው ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ርካሽ ሪሲቨር ከእነሱ ጋር ቶሎ ይግላል ወይም ራሱን ያጠፋል።

ቻናሎችና የክፍል ማስተካከያ

ባለ ሰባት ቻናል ሪሲቨር ለ7.1 ወይም ለ5.1.2 ይበቃል፤ በሁለተኛው አጻጻፍ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የጣሪያ ስፒከሮችን ያመለክታል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር በተጣበቀበት ሳሎን ተጨማሪ የኋላ ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ለዚያ ዘጠኝና አሥራ አንድ ቻናል መግዛት ትርፉ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ከጥቂት ዋቶች ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው የክፍል ማስተካከያው ነው። ሪሲቨሩ አብሮት በሚመጣ ማይክሮፎን ከየስፒከሩ የሚወጣውን የሙከራ ድምፅ ያዳምጣል፤ የእያንዳንዱን ርቀትና መጠን ያስተካክላል፤ ክፍሉ የሚያጎላውን ጎርናና ድምፅም ይቀንሳል። ኦዲሲ፣ የያማሃው ዋይፓኦ፣ የፓዮኒር ኤምካክ እና የስዊድኑ ዲራክ ላይቭ ታዋቂዎቹ ናቸው። በአንድ ስም ሥር ቀላልና ሙሉ እትሞች ስላሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። የ2000ዎቹ መጀመሪያ ሪሲቨር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሌለው፣ ለድምፅ ሲባል ብቻ ለመቀየር ይህ ዋነኛው በቂ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

አዲሱ ላይ የማይገኙ ነገሮች

አዳዲስ ሪሲቨሮች የቆዩ ማስገቢያዎችን እየቀነሱ መጥተዋል። ኤስ-ቪዲዮ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ የብዙ ቻናል አናሎግ ማስገቢያ የሚገኘው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ከአሮጌ መሣሪያ በቢጫው ሶኬት የሚገባውን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ የማይቀይሩም አሉ። የሠርግ ቪዲዮው በቪኤችኤስ ካሴት ያለ ቤተሰብ አሮጌውን ከመሸጡ በፊት ካሴቱን በምን እንደሚያይ ማሰብ አለበት። ለሸክላ ማጫወቻም የፎኖ ማስገቢያ መኖሩ መታየት አለበት።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ

ከአሜሪካ የሚመጣ ሪሲቨር በአብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት መቀበላቸው ሰውን ያዘናጋል፤ ሪሲቨር ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ የሶኬት አስማሚ ብቻ ተደርጎ ቢሰካ ቢቀና ፊውዙ፣ ካልቀና ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ «120 ቮልት» ብቻ ካለ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ጀርባው ላይ ከተጻፈው የዋት ፍጆታ በደንብ መብለጥ አለበት። ለአውሮፓ፣ ለእስራኤል ወይም ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ገበያ የተሠራው ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር ወጪው ከኤችዲኤምአይ ሰሌዳ ጥገና ያንሳል።

የአሮጌው ሪሲቨር ቀጣይ አገልግሎት

የኤችዲኤምአይ ሰሌዳው የተበላሸ ሪሲቨር እንደ ቆሻሻ የሚጣል አይደለም፤ በኦፕቲካልና በአናሎግ በኩል አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። አዲሱ ሪሲቨር ፕሪ-አውት የሚባሉ ያልጎሉ የድምፅ መውጫዎች ካሉት፣ አሮጌው የፊት ሁለቱን ስፒከሮች የሚነዳ ማጉያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። የአዲሱ የፊት ግራና ቀኝ ፕሪ-አውት ከአሮጌው የሲዲ ማስገቢያ ጋር በተራ አርሲኤ ኬብል ይገናኛል፤ አሮጌው ድምፁን በማይለውጥ «ዳይሬክት» ሁነታ ላይ ይደረግና የድምፅ መጠኑ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ አይነካም። የክፍል ማስተካከያው ሙከራ መደረግ ያለበት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በኋላ የአሮጌው ድምፅ ቢነካ ልኬቱ ስለሚበላሽ እንደገና መሠራት አለበት።