በአባ እንጦንስ ስም የምትጠራ የፈረንሣይ ከተማ

በፈረንሣይ አገር በደቡብ ምሥራቅ በኩል፥ ቀድሞ ዶፊኔ ይባል በነበረው አውራጃ ውስጥ፥ ከቫላንስ ወደ ግሬኖብል ከሚወስደው መንገድ በስተ ሰሜን ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፥ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። የሚኖርባት ሕዝብ አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በላይዋ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲሠራ የኖረ፥ ለታላቅ መዲና የሚበቃ ሕንጻ ነውና፥ መንገደኛው ይህን የሚያህል ደብር በዚህች መንደር ማን ሠራው ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። የከተማይቱ ስም ሴንት አንትዋን ላቤይ ይባላል፤ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም ማለት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ላ ሞት ትባል ነበር፤ ይህም ለአማርኛ ጆሮ እንደሚመስለው የሞት ነገር ሳይሆን፥ ጉብታ ማለት ነው።

ይህ እንጦንስ ሌላ አይደለም፤ በግብጽ በረሓ የመነኮሳት አባት የሆነው፥ የኢትዮጵያ ስንክሳርም በጥር 22 ቀን የዕረፍቱን መታሰቢያ የሚያነብለት አባ እንጦንስ ነው። እንግዲህ የግብጻዊው ባሕታዊ ዐፅም በፈረንሣይ ተራሮች ግርጌ ምን ያደርጋል? ጥያቄውን የሚያከብደው ደግሞ ቅዱሱ ራሱ ስለ ሥጋው የተናገረው ቃል ነው። ገድሉን የጻፈው፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለኢትዮጵያ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እርሱ እንደ ጻፈው፥ በዚያ ዘመን ግብጻውያን የደጋግ ሰዎችን፥ ይልቁንም የሰማዕታትን ሬሳ በበፍታ ገንዘው ከመቅበር ይልቅ በቤታቸው በአልጋ ላይ ያኖሩ ነበር፤ እንጦንስም ይህን ልማድ ይነቅፍ ነበር። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ356 ዓ.ም.፥ በተወለደ በ105 ዓመቱ ሊያርፍ በቀረበ ጊዜ፥ ያገለግሉት የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት ጠርቶ ሥጋውን ከምድር በታች እንዲሰውሩ፥ ስፍራውንም ከእነርሱ በቀር ማንም እንዳያውቅ አዘዛቸው። አንዱን ለምድ ለአትናቴዎስ፥ ሁለተኛውን ለኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን፥ የጠጕር ልብሱን ለደቀ መዛሙርቱ ተወ። መቃብሩን ግን ለማንም አላወረሰም።

የምዕራባውያን ትውፊት ከዚህ በኋላ ያለውን እንዲህ ይተርካል። መቃብሩ በ561 ተገለጠ፤ ዐፅሙም አስቀድሞ ወደ እስክንድርያ፥ በኋላም ዐረቦች ግብጽን በያዙ ጊዜ ወደ ቍስጥንጥንያ ፈለሰ። በ1070 ገደማም ዦስለን የሚባል የዶፊኔ መኰንን ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ ከቍስጥንጥንያ ተቀብሎ ወደ አገሩ አመጣው። የግብጽ መነኮሳት በበኩላቸው አባታቸው ዛሬም በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው ገዳሙ ተሰውሮ እንዳለ ያምናሉ። በሁለቱ መካከል ለመፍረድ የሚያበቃ ማስረጃ ባይገኝም፥ አትናቴዎስን ያነበበ ሰው ልቡ ወደ ግብጻውያኑ ማዘንበሉ አይቀርም።

ያም ሆነ ይህ ሣጥኑ ላ ሞት በደረሰበት ዘመን በአውሮፓ አንድ ጽኑ ደዌ ይመላለስ ነበር። በሽተኛው መጀመሪያ እጁና እግሩ እንደ እሳት ይቃጠልበታል፤ ከዚያም ሥጋው ይጠቍርና ይደርቃል፤ በመጨረሻም ጣቱ ወይም እግሩ ደም ሳይፈስሰው ከመገጣጠሚያው ተለይቶ ይወድቃል። ሕዝቡ ይህን ደዌ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ብሎ ጠራው። ምንጩ ምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ደዌው የሚመጣው በፈረንሣይኛ ሴግል ከሚባለው፥ አጃ ከሚመስለው የድኾች እህል ነው። ዝናብና ብርድ በበዛበት ዓመት በእሸቱ ላይ ሻጋታ ያድርና በፍሬው ፈንታ እንደ ቀንድ ያለ ጥቍር ነገር ያበቅላል፤ ይህ ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ የደምን ሥሮች ያጠባል። ዶዳር የሚባል ሐኪም ይህን ነገር ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የገለጠው በ1676 ነው። ለኢትዮጵያም ቢሆን ደዌው ሩቅ አይደለም፤ በ1978 በወሎ፥ በ2001 ደግሞ በአርሲ እንዲህ ያለ ሻጋታ የተቀላቀለበትን እህል የበሉ ገበሬዎች በዚሁ ዓይነት እጅና እግራቸውን አጥተዋል።

በ1095 ገደማ ጋስቶን የሚባል መኰንን ልጁ ጌሬን ከዚህ ደዌ ስለ ዳነለት፥ አባትና ልጅ ከጥቂት ባልንጀሮች ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሕሙማን ቤት ከፈቱ ይባላል። የእንጦንስ ወንድሞች የሚባለው ማኅበር የተጀመረ እንዲህ ነው። በልብሳቸው ላይ ሰማያዊ የታው ምልክት ያደርጉ ነበር፤ መዝሙር 118ን የሚደግም ካህን በመጨረሻው ክፍል ራስ የሚያገኘው ያ ፊደል ነው። ወደ እነርሱ የመጣ በሽተኛ መጀመሪያ ይመረመራል፤ ደዌው ያ እሳት ሆኖ ሲገኝ የስንዴ ዳቦና ጥሩ ምግብ ይሰጠዋል፤ በዐፅሙ ላይ የፈሰሰ ወይን ይጠጣል፤ ቍስሉ ቅባት ይቀባል፤ የሞተ እግር ያለበት እንደ ሆነ በባለሙያ እጅ ይቈረጥለታል። እግሩን ያጣው ድኻ ወደ መንገድ አይጣልም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ በቤታቸው ይኖራል።

ወንድሞቹ ሳያውቁት መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ድኻው ከቤቱ ሲወጣ ያንን የተመረዘ እህል ትቶት ይመጣል፤ በእነርሱ ማዕድ ንጹሑን ስንዴ ሲበላ ይድናል። ይህን የሰማ አንዳንድ የዘመኑ ሊቅ እንግዲህ የዳኑት በዳቦ እንጂ በቅዱሱ አይደለም ይል ይሆናል። ነገር ግን ስንዴ ለድኻ በማይደርስበት አገር፥ በሽታው ወደ እኔ ይጋባል ብሎ ሳይፈራ ያንን ዳቦ ቈርሶ የሚሰጥ ሰው ከየት ተገኘ ቢባል፥ መልሱ ተመልሶ ወደ እንጦንስ ስም ይመጣል።

ሌላው የማኅበሩ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ የሚሆን ነው። ወንድሞቹ ለሕሙማን ምግብ የሚሆኑ እሪያዎችን ያረቡ ነበር፤ እሪያዎቹም በአንገታቸው ቃጭል ታስሮ በየከተማው መንገድ ያለ ጠባቂ ይሰማሩ፥ ሕዝቡም ስለ ቅዱሱ ብሎ ይቀልባቸው ነበር። በምዕራባውያን ሥዕል ባሕታዊው እንጦንስ ከእሪያ ጋር የሚታየው ስለዚህ ነው፤ በበረሓ ሥጋ ያልቀመሰው አባት ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር!

ምጽዋቱ ሲበዛ ጠብ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያኑንና ሣጥኑን የሚጠብቁት ወንድሞቹ ሳይሆኑ፥ በአርል ከተማ አጠገብ ካለው ከሞንማዡር ገዳም የመጡ የቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳት ነበሩ። ሕሙማንን የሚያጥቡት እነዚያ፥ በዐፅሙ ፊት የሚቀርበውን መባ የሚቀበሉት እነዚህ ሆኑ። ክርክሩ ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1290 መነኮሳቱ ከከተማይቱ ተባረሩ፤ በ1297 ጳጳስ ቦኒፋስዮስ 8ኛ ቤቱን በአውግስጢኖስ ሥርዓት የሚተዳደር ገዳም አደረገው። የተባረሩት ግን በኋላ እውነተኛው ዐፅም ከእኛ ጋር ነው አሉ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በአርል ሌላ የእንጦንስ ዐፅም ይታይ ጀመር። መቃብሬን ማንም አይወቅ ያለው አባት በአንድ አገር ሁለት መቃብር አገኘ።

ማኅበሩ በ15ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ሁሉ ወደ 370 የሚሆኑ የሕሙማን ቤቶች ነበሩት። ሀብቱም ነቀፋ አላጣም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የኢጣልያው ባለቅኔ ዳንቴ በእንጦንስ እሪያ የሚወፍሩትን ሰባኪዎች ዘልፏል። ሆኖም ከዚሁ ሀብት መልካም ነገርም ወጥቷል። በአልዛስ ባለው በኢዘንሃይም ቤታቸው ማቲያስ ግሩነቫልት ከ1512 እስከ 1516 የሣለው የመንበር ሥዕል ዛሬ በኮልማር ከተማ ይገኛል። በዚያ ላይ የተሰቀለው ጌታ ሥጋው እንደ በሽተኞቹ ሥጋ ቈስሎ ይታያል። በሌላው ገጽ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ በበረሓ ተቀምጠው ሲነጋገሩ፥ ቍራው ኅብስት ይዞላቸው ሲመጣ ተሥሏል። ታሪኩን ከስንክሳር የሚያውቅ ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ ለጳውሊ በየቀኑ ግማሽ ኅብስት ያመጣ የነበረው ቍራ በዚያ ቀን ስለ እንግዳው ሙሉ አመጣ። በስንዴ ዳቦ ለሚድኑ ሕሙማን ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም ነበር።

የቀረው አጭር ነው። በ1562 በሃይማኖት ጦርነት ጊዜ ፕሮቴስታንቶች ገዳሙን ዘረፉ። ደዌው እየቀነሰ ሲሄድ ማኅበሩም እየደከመ ሄደ፤ በ1777 ከማልታ ፈረሰኞች ማኅበር ጋር ተቀላቀለ፤ ጥቂት ቈይቶም የፈረንሣይ አብዮት መጥቶ ገዳሙ ተዘጋ።

ዛሬ ከገዳሙ ቤቶች አንዳንዱ ቤተ መዘክር ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፤ ሣጥኑም በ17ኛው መቶ ዓመት ከተሠራው መንበር ሥር እንደ ተቀመጠ ነው። የእንጦንስን በዓል ምዕራባውያን በጃንዋሪ 17 ያከብራሉ። ይህ ቀን በጥንቱ በዩልዮስ አቈጣጠር ጥር 22 ነው፤ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 አቈጣጠሩን እስኪለውጥ ድረስ ሁለቱ አንድ ዕለት ነበሩ። አሁን የዶፊኔው ደወል ከተደወለ ከ13 ቀን በኋላ በኢትዮጵያ የአባ እንጦንስ ስንክሳር ይነበባል።