ተገልብጦ የሚበር አውሮፕላን ነዳጁን ከየት ይጠጣል?

የአቪዬሽን ታሪክ የሚባለውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንሥተን ስንገልጥ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ የስም ዝርዝር ነው። ማን መጀመሪያ በረረ፣ ማን ባሕር ተሻገረ፣ ማን በሰማይ ላይ ተገለበጠ። ከስሙ ጎን ፎቶግራፍ አለ፤ የቆዳ ቆብ፣ መነጽር፣ ፈገግታ። እኛም የታሪክ ተማሪዎች ስምና ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ስለለመድን በዚህ አይከፋንም። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ለፈተና የማይመጣ ጥያቄ ነው። አብራሪው ራሱን ቁልቁል አድርጎ ሲበር ቤንዚኑስ የት ነበር? (ዓመቶቹን ሁሉ የሰጠነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄው የልጅ ይመስላል። ኩራዝ ገልብጦ ላምባውን ያፈሰሰ ልጅ ግን መልሱን ግማሽ ያውቀዋል። በቀድሞዎቹ ቀላል አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ላይ የነዳጁ ታንክ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ቤንዚኑም በገዛ ክብደቱ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ፓምፕ የለ፣ ውስብስብ ነገር የለ። ቱቦው የሚነሣው ከታንኩ ወለል ነው። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ ቤንዚኑ ጣሪያ ወደነበረው ይወድቃል፤ የቱቦው አፍ ባዶ አየር ይስባል። ካርቡራተሩም የባሰ ግራ ይጋባል፤ በውስጡ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ቤት ተንሳፋፊ አለባት፤ ቤንዚን ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ መግቢያውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ላይና ታች ሲለዋወጡበት መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፍት አያውቅም። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ይስልና ጸጥ ይላል።

እንግዲህ አንባቢ «በ1913 ቀለበት የሠሩትስ?» ቢለን ልክ ነው። ፒዮትር ኔስቴሮቭ የተባለው የሩሲያ መኮንን በሴፕቴምበር 1913 ኪየቭ ላይ በኒዩፖር አውሮፕላን ሙሉ ቀለበት ዞረ። አለቆቹ መጀመሪያ የሰጡት ሽልማት የመንግሥትን ንብረት ለአደጋ አጋልጠሃል የሚል ቅጣት ነበር፤ አድናቆቱ የመጣው በኋላ ነው። የእሱ ሞተር ግን በነዳጅ ማጣት የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም። በልጅነታችን ውኃ የሞላ ጣሳ በገመድ አስረን ያሽከረከርን ሁሉ ምክንያቱን እናውቀዋለን፤ ጣሳው ከራሳችን በላይ ሲያልፍ ውኃው አይፈስም፣ ሽክርክሪቱ ወደ ጣሳው ወለል ይጫነዋል። በተለመደው ቀለበትም አብራሪው ወደ መቀመጫው፣ ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ወለል እንደተጫኑ ይዞራሉ። ለዓይን ተገልብጧል፤ ለቤንዚኑ ግን አልተገለበጠም።

እውነተኛው መገልበጥ ሌላ ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው አዶልፍ ፔጉ በብሌርዮ አውሮፕላን ተገልብጦ በረረ፤ ይህ በቀበቶ ተንጠልጥሎ መብረር ነው። አስቀድሞ አውሮፕላኑን መሬት ላይ በመደገፊያ ገልብጠው፣ እሱን መቀመጫው ላይ አስረው እንዳለማመዱት ይተረካል። አብራሪው በዚህ መንገድ ይለማመዳል። ነዳጅን ግን ማን ያለማምደዋል? በሜይ 1927 አሜሪካዊው ጂሚ ዱሊትል የውጩን ቀለበት ሲሠራ፣ ማለትም ራሱን ወደ ውጭ አድርጎ ቁልቁል ጀምሮ ሲዞር፣ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ፣ ቤንዚኑም ወደ ታንኩ ጣሪያ ነበር የሚገፋው። ከዚያ ወዲህ የአክሮባት ውድድር ተገልብጦ መቆየትን፣ ተገልብጦ መዞርን፣ ተገልብጦ መውጣትን መጠየቅ ጀመረ። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ፊዝለር ተገልብጦ ለረጅም ጊዜ በመብረር ስሙ ከገነነ በኋላ በ1934 ፓሪስ አጠገብ ቫንሴን ላይ የዓለም ዋንጫውን ወሰደ። በእንዲህ ያለ ውድድር ጀግንነት ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ መጠጣት አለበት።

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ብዙ ነገር ተሞክሯል፤ እስከ ዛሬ በትንንሽ የአክሮባት አውሮፕላኖች ውስጥ የምናገኘው ግን ሲያዩት የሚያስቅ ቀላል ነገር ነው። በታንኩ ውስጥ የሚንጠለጠል ተጣጣፊ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ ክብደት ታስሮበታል። እንደ ግንበኛ ቱንቢ ነው፤ ክብደቱ ወዴት እንደሚወድቅ ሁልጊዜ ያሳያል። ቤንዚኑ ወደ ጣሪያው ሲወድቅ ክብደቱም ቱቦውን ይዞ ወደ ጣሪያው ይወድቃል፤ የቱቦው አፍ ከቤንዚኑ ጋር ይሄዳል። አንድን ቀላል አውሮፕላን ለመገልበጥ የሚያዘጋጅ መካኒክ ሥራው እዚህ ይጀምራል፤ እዚህ ግን አያበቃም። ቱቦው ካጠረ ከታንኩ ጥግ አይደርስም፤ ከረዘመ ግድግዳው ላይ ተጣጥፎ ይቀራል። ዕድሜ ሲያገኝ ይደርቃል፤ የደረቀ ቱቦ ደግሞ ክብደቱን አይከተልም፣ እንደ ብትር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህንን የሚያውቀው አብራሪው ሳይሆን ታንኩን ከፍቶ እጁን የሚያስገባው ሰው ነው።

ከዚያ የታንኩ መተንፈሻ አለ። ታንክ ካልተነፈሰ ነዳጅ አይሰጥም፤ ሲገለበጥ ግን መተንፈሻው ራሱ ማፍሰሻ ይሆናል፤ ስለዚህ ቱቦውን በታንኩ ዙሪያ አጠማዝዞ መምራት ያስፈልጋል። ነዳጅ ሽቅብ በገዛ ክብደቱ ስለማይሄድ ፓምፕ መጨመር ግድ ነው። ተንሳፋፊ ያለው ካርቡራተር ተነሥቶ በግፊት የሚሠራ፣ ወይም ነዳጁን በቀጥታ የሚረጭ መሣሪያ ይገባል። ዘይቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሞተሩ ቤንዚን እያገኘ ዘይት ቢያጣ ጉዳቱ ይብሳል። የዛሬዎቹን የላይካሚንግ ሞተሮች ስም ያየ «ኤ ኢ አይ ኦ» የሚል ያነባል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች ለአክሮባት የተሰናዳ፣ ሦስተኛው ነዳጅ የሚረጭ ማለት ነው። የአንድ ዘመን የመካኒኮች ልፋት በአራት ፊደል ተጽፎ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ የትርኢት ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር፤ የ1940ን የብሪታንያ የአየር ጦርነት እስክናነብ ድረስ። እዚህ ላይ ከትንንሾቹ አውሮፕላኖች ለጥቂት ጊዜ እንወጣለን፤ ችግሩ ያው ስለሆነ ነው። ስፒትፋየርና ሀሪኬን የተባሉት የእንግሊዝ ተዋጊዎች የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበራቸው፤ መርሊን ደግሞ ተንሳፋፊ ያለው ካርቡራተር ነበረው። የጀርመኖቹ መሰርሽሚት 109 ነዳጅ በቀጥታ ይረጫል። ጀርመናዊው ሲባረር አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ይደፋና ይወርዳል። እንግሊዛዊው እንደዚያው ልድፋ ካለ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ ጣሪያ ይወረወራል፣ ሞተሩ ለአፍታ ነዳጅ ያጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ተንሳፋፊው ስለተሳሳተ መግቢያው ወለል ብሎ ይከፈትና ፓምፑ ያጥለቀልቀዋል። መጀመሪያ በጥማት፣ ቀጥሎ በጥጋብ። ስለዚህ አብራሪዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ተገልብጠው፣ ከዚያ መሪውን ወደ ራሳቸው ስበው መውረድ ነበረባቸው፤ ቤንዚኑ ወደ ወለሉ እንዲጫን። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ጠላትን የሚያስመልጥ፣ ወይም ራስን የሚያስገድል ጊዜ ነው።

ፋርንቦሮ በሚገኘው የንጉሣዊው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ቢያትሪስ ሺሊንግ የምትባል መሐንዲስ ነበረች። በ1909 የተወለደች፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማረች ናት፤ በ1934 ብሩክላንድስ በተባለው የውድድር መንገድ በኖርተን ሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ነድታ የወርቅ ኮከብ ያገኘች። እሷ ያመጣችው መፍትሔ አዲስ ካርቡራተር አልነበረም። መካከሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ቁራጭ ነበረች፤ መጀመሪያ የጣት ቆብ የምትመስል፣ በኋላ ጠፍጣፋ ሮንዴላ የሆነች። ቀዳዳዋ ተሰልቶ የተበሳው ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚፈልገውን ነዳጅ ብቻ እንድታሳልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ስለማታሳልፍ ጥልቅልቁ አይመጣም። የመጀመሪያውን አፍታ ጥማት አላጠፋችም፤ ገዳዩን ጥጋብ ግን አስቀረች። ትልቁ ብልኀት ሌላ ነው፤ አውሮፕላኑን ከአገልግሎት ሳያወጡ፣ ባለበት ጣቢያ ሊገጥሟት ይቻል ነበር። በ1941 መጀመሪያ ሺሊንግና ጥቂት ረዳቶቿ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞሩ አስገጠሟት።

ወታደሮቹ ለቁራጯ በሴትዮዋ ስም ብልግና የቀላቀለ ቅጽል አወጡላት፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። የሚገርመን ግን ብዙ ጽሑፎች ቅጽሉን በደስታ ሲደጋግሙ ስሌቱን በአንድ መስመር ማለፋቸው ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ ታሪክ የሚጻፈው! ደግሞም እውነቱን ለመናገር የሺሊንግ ናስ አውሮፕላኑን ተገልብጦ የሚቆይ አላደረገውም፤ ለዚያ በግፊት የሚሠራው ካርቡራተር እስኪመጣ መጠበቅ አስፈልጓል። ለአንድ ድፊት ብቻ የምትበቃ ነበረች። ያቺ አንድ ድፊት ናት የተፈለገችው።

ከጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ ወደ ትንንሾቹ እንመለስ። ከርቲስ ፒትስ የተባለው አሜሪካዊ በ1940ዎቹ አጋማሽ የሠራት ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በጣም ትንሽ ናት። ከእነዚህ አንዷን ቤቲ ስኬልተን በ1948 ገዛች፤ «ትንሿ ግም» እንደማለት ያለ ስም ሰጠቻት፤ በ1949 እና በ1950 የአሜሪካን የሴቶች የአክሮባት ሻምፒዮና አሸነፈችባት። በጣም የታወቀችበት ትርኢት ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ተገልብጣ እየበረረች በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ ሪባን መቁረጥ ነው። ሦስት ሜትር ላይ ሞተር ቢስል ሁለተኛ ዕድል የለም። ያቺ አውሮፕላን ዛሬ በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ተሰቅላለች፤ ተገልብጣ።

ፒትስ በ1962 የአውሮፕላኗን ንድፍ ለገዛ ሁሉ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሰዎች በየመኪና ማደሪያቸው ይሠሯት ጀመር። አንዱ ተራ ሞተር አስገብቶ ለቀና በረራ ብቻ ይሠራታል፤ ሌላው ያቺኑ ገዝቶ ታንኩን ያወርድና ተንጠልጣይ ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ የዘይቱን መስመር እየጨመረ ለመገልበጥ ያሰናዳታል። የአሜሪካ ቡድን በ1972 የዓለም ሻምፒዮናውን ሲያሸንፍ ቻርሊ ሂላርድ በፒትስ ነበር አንደኛ የወጣው። የሻምፒዮኑ ስም ተጽፏል። ከታንኩ ውስጥ እጃቸውን ያስገቡት ሰዎች ስም ከአውሮፕላኖቹ የጥገና መዝገብ በቀር የትም የለም፤ ያንን መዝገብ ደግሞ ታሪክ ጸሐፊ አያነበውም።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 3 ቀን 1970፣ እንግሊዛዊው ኒል ዊልያምስ ሁላቪንግተን ላይ በቼኮዝሎቫኪያ በተሠራ ዝሊን አውሮፕላን ለዓለም ሻምፒዮና ይለማመድ ነበር። ከአንድ ቁልቁለት ቀና ሲል የግራ ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ፤ የክንፉ የታችኛው አግዳሚ ተሰብሮ ነበር። ዊልያምስ ለመከስከስ ራሱን አዘጋጀ፤ እሳት እንዳይነሣም ነዳጁን ዘጋ። በዚያች ቅጽበት አንድ ቡልጋሪያዊ አብራሪ ተገልብጦ ሳለ የላይኛው መያዣ ተሰብሮበት፣ ሲቃና ክንፉ ወደ ቦታው ተመለሰ የሚል ወሬ ሰምቶ እንደነበር ትዝ አለው። የእሱ ስብራት ከታች ነው፤ ስለዚህ በተቃራኒው መገልበጥ አለበት። ተገለበጠ። ክንፉ በኃይል ጮኾ ወደ ቦታው ገባ። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ተገልብጦ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ሞተሩ ሳለና ጠፋ።

የነዳጁን ግፊት መለኪያ አየ፤ ዜሮ። ከጥቂት ሰኮንዶች በፊት መዝጊያውን ራሱ ዘግቶት ነበር። ወዲያው ከፈተው፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ እንዲጠጣ ሆኖ የተሰናዳ ስለነበር ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ተገልብጦ ማሳውን ዞረ፣ ተገልብጦ ለማረፍ ወረደ፤ ሣሩ ሊነካው ሲል ተንከባሎ ቀና፣ ክንፉ ታጠፈ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ተንሸራቶ ቆመ። ሰውየው ከስብርባሪው ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ራሱ በጻፈው ትረካ ውስጥ የነዳጁን መዝጊያ ነገር አልዘለለውም።