ያልተከፈለ የሕፃናት ማቆያ ክፍያን ማስመለስ (እንግሊዝ)

ወላጅ ልጁን ከማቆያ ሲያስወጣ ሳይከፍል የተወው ሒሳብ በእንግሊዝ ሕግ ተራ የውል ዕዳ ነው፤ መልቀቁ ዕዳውን አያስቀረውም። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የይርጋ ሕግ ለክስ 6 ዓመት ይሰጣል፤ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ጥያቄም በአነስተኛ ክርክሮች ሥርዓት ያለ ጠበቃ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የሕጉ መኖር ሳይሆን ማስረጃው ነው። የተፈረመ ውል፣ ልጁ የዋለባቸውን ቀናት የሚያሳይ መዝገብና የወላጁን አዲስ አድራሻ የያዘ ማቆያ በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል፤ ለመልስም 30 ቀን ይጠብቃል። ደብዳቤው ክብደት የሚያገኘው ከሚከተለው ፍርድ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ያልተከፈለ ፍርድ ለ6 ዓመት በይፋዊ መዝገብ ስለሚቆይ ብድር ወይም የቤት ኪራይ ለሚፈልግ ሰው ቀላል አይደለም።

ክሱ ልጁን ይጎዳል የሚለው ተቃውሞ ደካማ ነው፤ ተከሳሹ ውሉን የፈረመው ወላጅ ነው፣ ጉድለቱም ዞሮ ዞሮ በሚከፍሉት ቤተሰቦች ላይ ይወድቃል። ጠንካራው ተቃውሞ የወጪው ነው፦ የዳኝነት ክፍያውን አስቀድሞ የሚከፍለው ከሳሹ ሲሆን፣ ፍርዱም ምንም ከሌለው ሰው ኪስ ገንዘብ አያወጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለዕዳ በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚከፈልበት የጽሑፍ ስምምነት ከክስ ይሻላል፤ ለማቆያው ደግሞ ገና በምዝገባ ቀን የሚቀበለው ማስያዣ።