ቆጮ የሚፍቁ እጆችና የሕዋስ ምሥጢር

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ቡታጅራ ይደርሳል። ከከተማው በስተምዕራብ የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተው ይታያሉ፤ መንገደኛውም ወደ ደጋው ሽቅብ በወጣ መጠን በየቤቱ ጓሮ የቆመውን እንሰት ያያል። መስቀል ሲደርስ ከየከተማው ወደ አገሩ የሚገባው ሰው የሚቀርብበት ገበታ ያለ ቆጮ አይሞላም። እኛ የቢሮ ሰዎችም ቆጮን በክትፎ ቤት እናውቀዋለን። ነገር ግን በዚያ ተክል አካል ውስጥ ምን እንዳለና እንዴት ምግብ እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንሰት እንደ ቦታው ጠባይ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ካበበ ያከማቸውን ሁሉ ለአበባውና ለፍሬው አውሎ ይሞታልና፣ ከማበቡ አስቀድሞ ይቆረጣል። ከዚህ በኋላ ሥራው የሴቶች ነው። ግንድ መስሎ የሚታየውን የቅጠል እግር አንድ በአንድ ገንጥለው፣ በሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ከመሬት በታች ያለውንም ወፍራም ክፍል ይቀጠቅጡታል። በዚህ ድካም 3 ነገሮች ይለያሉ፤ እነርሱም ቃጫ፣ ቡላና ቆጮ ናቸው።

እነዚህን 3 ነገሮች የምትለይ እናት፣ ማጉያ መነጽር ሳትይዝ የሕዋስን ክፍሎች እርስ በርሳቸው እየለየች ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት እነዚህኑ ክፍሎች በዓይን ለማየትና ስም ለመስጠት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቀጭን የቡሽ ቅራፊ በማጉያ መነጽር ተመልክቶ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ባዶ ክፍሎች ማየቱን ገለጸ። ሴል ብሎም ጠራቸው፤ ትርጓሜውም ትንሽ ክፍል ማለት ነው። እኛ ሕዋስ እንለዋለን። ይሁን እንጂ ሁክ ያየው ነዋሪው የሞተበትን ቤት ግድግዳ ነበረ። የእንሰት ቃጫም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ሕዋሳት ትተውት የሄዱት ጠንካራ ግድግዳ ነው። ገመድ ሆኖ ሸክም የሚችለውም ስለዚህ ነው።

በ1831 ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ክብ አካል መኖሩን አስታወቀ፤ ይህም አስኳል ነው። በ1838 ሽላይደን ዕፀዋት፣ በ1839 ሽቫን እንስሳት ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን ገለጹ። ሩዶልፍ ፊርኾም በ1855 ሕዋስ ከሕዋስ እንጂ ከሌላ እንደማይወለድ ጻፈ።

አስኳልን በየመሥሪያ ቤታችን ካለው መዝገብ ቤት ጋር ብናመሳስለው ስሕተት አይሆንም። ዋናው ፋይል ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ ነው። በአስኳልም ውስጥ ከወላጅ የተወረሰው መመሪያ ክሮሞዞም በተባሉ ክሮች ተጠቅልሎ ይጠበቃል፤ እንሰት 18 ክሮሞዞሞች፣ ማለት 9 ጥንድ አሉት። ግልባጩ ከአስኳል ወጥቶ ራይቦዞም ወደተባሉት ደቃቅ አካላት ይደርሳል፤ እነርሱም በትእዛዙ መሠረት ፕሮቲን ይሠራሉ።

ለገበታችን ግን ዋናው ነገር ስታርች ነው። በ1880 አንድሬያስ ሺምፐር የተባለ ወጣት ሊቅ፣ የስታርች ቅንጣት በሕዋስ ውስጥ በዘፈቀደ እንደማይፈጠርና ራሱን በቻለ ትንሽ አካል እንደሚሠራ አሳየ። የሺምፐር ስም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የአባቱ ዘመድ የሆነው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ዕፀዋታችንን ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዓድዋ ያረፈው ነው።

በእንሰት ቅጠል ውስጥ ያለው አረንጓዴ አካል፣ ክሎሮፕላስት፣ በፀሐይ ብርሃን ኀይል ከውሃና ከአየር ስኳር ይሠራል። ስኳሩ ወደ ታች ወርዶ አሚሎፕላስት በተባለው ጎተራ ስታርች ሆኖ ይከማቻል። መፋቂያው የሕዋሱን ግድግዳ ሲያፈርስ ጎተራው ይከፈታል፤ ነጩ ስታርች ከተጨመቀው ውሃ በታች ይዘቅጣል። ቡላ የምንለው ይኸው ነው። የቀረው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀበራል፤ በዚያም አስኳል የሌላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ ባክቴሪያዎች፣ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ስለዚህም ቆጮ ይኮመጥጣል፤ ሳይበላሽም ብዙ ጊዜ ይቆያል።

የበላነውስ ወዴት ይሄዳል? ስታርቹ በሆዳችን ወደ ስኳር ተመልሶ በደም ወደ ጡንቻችን ይደርሳል። በዚያ ካርል ቤንዳ በ1898 ማይቶኮንድሪያ ብሎ የሰየማቸው አካላት ይጠብቁታል። የውስጣቸውን እጥፋት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቶ ያስረዳው፣ በ1974 ከአልበርት ክላውድና ከክሪስቲያን ደ ዱቭ ጋር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ጆርጅ ፓላዴ ነው። ስኳሩ በነዚህ አካላት አማካይነት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኀይል ይሆናል። የምትፍቀው እናት ክንድ የሚንቀሳቀሰው እንግዲህ ቀድሞ በቅጠል ላይ ባረፈው ፀሐይ ነው።

ነገር ግን ለቆጮ የሚጠቅሙን ባክቴሪያዎች ጠላት የሆነ ዘመድ አላቸው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ ዛንቶሞናስ ከተባለው ባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። ይህ ፍጥረት በቁስል በኩል ይገባል፤ ከሞቱ ሕዋሳት ግድግዳ በተሠራው የተክሉ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ተራብቶ መንገዱን ይዘጋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል። የብዙ ዓመት ድካም በአጭር ጊዜ ይጠፋል። እንሰት የ20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ምግብ በመሆኑ ነገሩ የአንድ ጓሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ ከሚያደርሱት ነገሮች ዋናው የሰው ቢላዋ ነው። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በዓይን የማይታየውን ጠላት በእጁ ያስረክበዋል። የታመመን እንሰት የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ስለዚህ ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውንም በእሳት አግሎ ወደ ሌላው ተክል መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በመጪው መስቀል ወደ አገራችሁ የምትገቡ ሁሉ፣ ስጦታችሁን ካስረከባችሁ በኋላ ይህን ቃል ለቤተ ሰባችሁ አካፍሉ። ሊቃውንት ከ300 ዓመት በላይ የደከሙበት የሕዋስ ዕውቀት በጓሮ ሲሠራ፣ አንድ ቢላዋ በእሳት ላይ ከማሳለፍ ሊጀምር ይችላል።