በየወሩ የሚከፍል ጉድጓድ፦ የካናዳ የኢነርጂ ትረስቶች አነሳስና መጨረሻ

በ1986 የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ፣ የካናዳ የነዳጅ ኢንዱስትሪ መናኸሪያ የሆነችው ካልጋሪ ክፉኛ ተመታች። ቁፋሮ ተቀዛቀዘ፣ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ወጣ፣ ለነዳጅ ፍለጋ ገንዘብ የሚያወጣም ጠፋ። በዚያው ዓመት ኤነርፕላስ የተባለ ድርጅት ለየት ያለ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። ነዳጅ ፍለጋ አልወጣም፤ ቀድሞ የተቆፈሩና ምርት እየሰጡ ያሉ ጉድጓዶችን እገዛለሁ፤ ከሽያጩ የሚተርፈውን ገንዘብ ደግሞ ለባለድርሻዎች አከፋፍላለሁ አለ። በካናዳ የመጀመሪያው የነዳጅ ሮያሊቲ ትረስት ይህ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በካናዳ ዶላር ነው።)

ከ20 ዓመት በኋላ በቶሮንቶ የአክሲዮን ገበያ ላይ 250 ያህል ትረስቶች ነበሩ። የገበያ ዋጋቸው ሲደመር 200 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። በርካታ ጡረተኞች የቤት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከእነዚህ በሚመጣ ወርኃዊ ክፍያ ነበር። ከዚያም በአንድ ምሽት የመንግሥት መግለጫ ዘመኑ አበቃ። ስለ ትረስቶቹ ሲወራ የሚነሳው ሁልጊዜ ያች ምሽት ናት። የባለድርሻዎቹን ዕጣ አብልጦ የወሰነው ግን ገንዘቡ ከምን ይመጣ እንደነበር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ መቶ ዶላር መከታተል ይበቃል። አንድ ተራ ኩባንያ 100 ዶላር ቢያተርፍ፣ በዚያን ጊዜ ከትርፉ ሲሶ ያህሉን መንግሥት በድርጅት ግብር ይወስዳል። ከቀረው ላይ ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈለው ትርፍ እንደገና በእነሱ እጅ ግብር ይቆረጥበታል፣ ምንም እንኳ ለተከፈለው የድርጅት ግብር ማካካሻ ቢደረግም። ትረስቱ ይህን መንገድ ያሳጥረዋል። ሕዝቡ የሚገዛው የኩባንያውን አክሲዮን ሳይሆን ከኩባንያው በላይ የተቀመጠውን የትረስቱን ድርሻ ነው። ትረስቱ ከሕዝብ በሰበሰበው ገንዘብ ለኩባንያው ያበድራል ወይም ከምርቱ ገቢ ላይ ድርሻ (ሮያሊቲ) የማግኘት መብት ይገዛል። ኩባንያው ወለዱንና ሮያሊቲውን ሲከፍል ክፍያው በወጪ ይመዘገብለታል፤ ስለዚህ ግብር የሚጣልበት ትርፍ እምብዛም አይቀረውም። መቶው ዶላር ከሞላ ጎደል ሳይነካ ለትረስቱ ይገባል፤ ትረስቱም ለባለድርሻዎች በየወሩ ያከፋፍላል። ግብሩን የሚከፍለው ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ብቻ ነው። ድርሻውን በጡረታ ቁጠባ ሒሳቡ ውስጥ ያስቀመጠ ደግሞ ገንዘቡን እስኪያወጣ ድረስ ምንም አይከፍልም።

ለነዳጅ ጉድጓድ የወጣው ሐሳብ ለሌላውም ተስማማ። በ1988 ጂም ኪኒር ፔንግሮውዝን በካልጋሪ መሠረቱ። በ1996 አርክ ኢነርጂ ትረስት ተቋቋመ፤ የጋዝ አከፋፋዩ ሱፒሪየር ፕሮፔንም በዚያው ዓመት ገቢ ፈንድ ወደሚባል የትረስት ዓይነት ተቀየረ። በ1997 የቧንቧ መስመር ባለቤቱ ፔምቢናና የኤሌክትሪክ አምራቹ ኖርዝላንድ ፓወር ተከተሉ። በ1999 የውኃ ኃይል ማመንጫዎችን የያዘው ግሬት ሌክስ ሃይድሮ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሰዎች ነበር። ወደ ሕዝቡ ቤት የገባው ከ2000 ወዲህ ነው። የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች ዋጋ ሲፈርስ ብዙ ቆጣቢ እጁን አቃጠለ። በጃንዋሪ 2002 ደግሞ የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ምጣኔውን ወደ 2 በመቶ አወረደ። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ወለዱን መኖሪያ ለማድረግ ያሰበ ጡረተኛ ወለዱ አልበቃው አለ። በዚህ መሃል አንድ የኢነርጂ ትረስት በዓመት 10 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ያውም በየወሩ ይከፍላል። ገንዘብ አማካሪዎች ትረስቱን ያለ መታከት መከሩ፤ ቆጣቢውም ገዛ።

ገበያው ሲሞቅ ቅርጹን ያልፈለገ የንግድ ዓይነት የለም። የሃምበርገር ቤቶች ባለቤት ኤ ኤንድ ደብሊው በ2002 የሮያሊቲ ፈንድ አቋቋመ። የስልክ ማውጫ አሳታሚው የሎው ፔጅስ በ2003 ድርሻ ሸጦ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። በ2004 የኦንታሪዮና የአልበርታ ክፍለ ሀገራት ትረስቱ ዕዳ ቢገባ ባለድርሻው በግል ሀብቱ እንዳይጠየቅ የሚከላከሉ ሕጎች አወጡ። በዲሴምበር 2005 ደግሞ ትረስቶች በቶሮንቶ ገበያ ዋና መለኪያ ውስጥ መካተት ጀመሩ። መለኪያውን የሚከተሉ ታላላቅ ፈንዶችም የግድ ገዢ ሆኑ።

ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ በስተጀርባ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ተሸፍኖ ቆየ። የፔምቢናን ነገር እንይ። በ1953 ከኤድመንተን በስተምዕራብ፣ በድሬተን ቫሊ አቅራቢያ ትልቅ የነዳጅ መስክ ተገኘ። ነዳጁን ወደ ኤድመንተን ለማድረስ በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው የቧንቧ መስመር የኩባንያው መነሻ ነው። የቧንቧ ባለቤት የሚኖረው በማጓጓዣ ክፍያ ነው። ነዳጁ ተወደደም ረከሰም በመስመሩ ባለፈ ቁጥር ይከፈለዋል፤ አንዱ ጉድጓድ ሲደርቅ ሌላ ይቀጠልበታል። የኖርዝላንድም ነገር ተመሳሳይ ነበር። በሰሜን ኦንታሪዮ፣ በኢሮኳይ ፎልስ የነበረው የጋዝ ማመንጫው ኤሌክትሪኩን ይሸጥ የነበረው በረጅም ጊዜ ውል ነው። የውሉ ዘመን እስኪያበቃ ድረስ ገቢው ይታወቅ ነበር።

ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። ፔንግሮውዝ በ1997 ከኢምፔሪያል ኦይል የገዛው ጁዲ ክሪክ የተባለው መስክ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተገኘ ነበር። እንዲህ ባለ አሮጌ መስክ ነዳጁ በራሱ ግፊት መውጣቱን ካቆመ ቆይቷል፤ ውኃ ወደ ከርሰ ምድር እየተገፋ ነዳጁ ወደ ላይ ይባረራል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ ይበዛል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ የአንዱ በርሜል ማውጫ ወጪም ይጨምራል። ትረስቱ ገቢውን ሁሉ አከፋፍሎ ስለሚጨርስ ያለቀውን ነዳጅ የሚተካበት ገንዘብ በእጁ አይቀርም። መውጫው አዲስ ድርሻ ለሕዝብ መሸጥና በሰበሰበው ገንዘብ ሌላ መስክ መግዛት ነበር። የነዳጅ ዋጋ እየጨመረ እስከሄደ ድረስ ይህ አካሄድ ይሠራል። ዋጋው ሲወርድ ግን አዲስ ድርሻ የሚገዛ ይጠፋል፤ ክፍያውም ይቀነሳል።

እንግዲህ በየወሩ የሚመጣው ቼክ ሁሉ ትርፍ አልነበረም። ከፊሉ ባለድርሻው ራሱ ያስገባው ዋና ገንዘብ ተመልሶ የሚከፈለው ነበር፤ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከጎተራ እያወጣ እንደመብላት ማለት ነው። በሒሳብ ምርመራ የታወቁት አል ሮዘን ይህን ነጥብ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው አንስተው ነበር። የጠቅላላ ክፍያው መጠን የኢንቨስትመንቱ ትርፍ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው ሲሉም አስጠነቀቁ። በሴፕቴምበር 2005 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ለቤት ማሞቂያ የሚሆን ነዳጅ ይሸጥ የነበረው ሂቲንግ ኦይል ፓርትነርስ የተባለ የገቢ ፈንድ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ። ምልክቱ ታይቶ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው።

በኦታዋ ያለው መንግሥት ያሳሰበው ሌላ ነበር፤ የግብር ገቢው። በሴፕቴምበር 2005 በፖል ማርቲን የሚመራው የሊበራል መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ራልፍ ጉዴል ጉዳዩን ለሕዝብ ውይይት አቀረቡ፤ ገበያው ደነገጠ። ኖቬምበር 23 ግን በትረስቶች ላይ አዲስ ግብር እንደማይጣል፣ ይልቁንም በተራ አክሲዮን ትርፍ ላይ ያለው ግብር እንደሚቀንስ አስታወቁ። መግለጫው ከመሰጠቱ ከሰዓታት በፊት ገበያው ባልተለመደ ሁኔታ ስለጨመረ ምስጢር ወጥቷል የሚል ጥርጣሬ ተነሳ። ፖሊስ ምርመራ መክፈቱም በምርጫ ቅስቀሳ መሃል ተሰማ። በኋላ ሚኒስትሩ ነጻ ሲሆኑ አንድ የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን ጥፋተኛ ሆነ። ምርጫው ግን እስከዚያ አልጠበቀም። በጃንዋሪ 2006 ሊበራሎች ተሸነፉ፤ በትረስቶች ላይ ግብር አንጥልም ብለው ቃል የገቡት የስቲቨን ሃርፐር ወግ አጥባቂዎች ሥልጣን ያዙ።

ቃሉ ዓመት አልሞላውም። በሴፕቴምበር 2006 ግዙፉ የስልክ ኩባንያ ቴለስ፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ የቤል ካናዳ ባለቤት ቢሲኢ ወደ ትረስት እንቀየራለን አሉ። ሌሎች ታላላቅ ድርጅቶችም ይከተላሉ የሚለው ስጋት መንግሥትን አስጨነቀ። ኦክቶበር 31፣ ገበያው ከተዘጋ በኋላ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጂም ፍላሄርቲ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። አዲስ የሚቋቋሙ ትረስቶች ከ2007 ጀምሮ፣ ነባሮቹ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በሚያከፋፍሉት ገንዘብ ላይ 31.5 በመቶ ግብር ይጣልባቸዋል ተባለ። የቤትና ሕንፃ ትረስቶች ብቻ ተለዩ። ለጡረተኞች ማካካሻ እንዲሆን ባልና ሚስት የጡረታ ገቢያቸውን ተካፍለው ግብር እንዲከፍሉ ተፈቀደ።

በማግስቱ ከትረስቶቹ የገበያ ዋጋ ላይ 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአንድ ቀን ጠፋ። የመንግሥትን ቃል አምነው ድርሻ የገዙ ሰዎች ቁጣ ነደደ፤ የባለድርሻዎች ማኅበርም ተቋቋመ። በ2007 መጀመሪያ የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ መንግሥት ይጎድልብኛል ያለውን ግብር እንዴት እንዳሰላ ሲጠየቅ፣ የቀረቡት ሰነዶች ብዙ ክፍላቸው በጥቁር የተሸፈነ ነበር። ይህም ቁጣውን አባባሰው። ሕጉ ግን በዚያው ዓመት ጸደቀ።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ክርክር ተራ ክርክር አልነበረም። ትረስቶች የማይከፍሉትን ግብር ሌላው ግብር ከፋይ ይሸፍናል፤ የጡረታ ፈንዶችና የውጭ አገር ባለድርሻዎች ደግሞ ከሌላው ያነሰ ግብር ይከፍላሉ ብለዋል። ኩባንያዎችም ገንዘባቸውን ለማስፋፊያ ከማዋል ይልቅ አከፋፍለው እንዲጨርሱ ይገፋፋሉ ሲሉ ተከራከሩ።

ዋጋቸው የወረደው ትረስቶች የውጭ ገዢ ዓይን ውስጥ ገቡ። የአቡዳቢ ብሔራዊ የኢነርጂ ኩባንያ ታቃ ፕራይምዌስትን ዕዳውን ጨምሮ በ5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለ፤ ግዢው በ2008 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ የነዳጅ ኮርፖሬሽን በ2009 ሃርቨስትን በኒውፋውንድላንድ ካለው ማጣሪያው ጋር፣ ዕዳውን ጨምሮ በ4.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የቀሩትም የእፎይታው ጊዜ ሳያበቃ አንድ በአንድ ወደ ተራ ኩባንያነት ተመለሱ። ክሬሰንት ፖይንትና አልጎንኩዊን በ2009፣ ፔምቢና በ2010 ሲቀየሩ፣ ኤነርፕላስ፣ አርክ፣ ፔን ዌስትና ኖርዝላንድ በ2011 መባቻ ኩባንያ ሆኑ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ቧንቧና ጉድጓድ ተለያዩ። ፔን ዌስት በዚያው ዓመት የሒሳብ መዝገቡን እንደገና ለማስተካከል ተገደደ፤ በ2017 ስሙን ቀየረ። ካናዲያን ኦይል ሳንድስ የተባለው የቀድሞ ትረስት በ2016 በነዳጅ ኩባንያው ሰንኮር ተጠቀለለ። ፔንግሮውዝ በዕዳ ተይዞ በጃንዋሪ 2020 ለኮና ሪሶርስስ ተሸጠ። በደጉ ዘመን ከ20 ዶላር በላይ ለተገዛ ድርሻ ባለአክሲዮኖች የተከፈላቸው 5 ሳንቲም ነበር። ፔምቢና ደግሞ ቅርጹ ከተለወጠ በኋላ እስከ 2022 መጨረሻ በየወሩ መክፈሉን ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ይከፍላል። ኖርዝላንድም ከኢሮኳይ ፎልስ ተነስቶ በሰሜን ባሕር የነፋስ ኃይል ማመንጫ እስከመገንባት ደረሰ። ከኢነርጂው ውጭ የነበረው የሎው ፔጅስ የታተመው የስልክ ማውጫ ገበያ በኢንተርኔት ሲወሰድበት በ2012 በአዲስ መልክ ተዋቀረ፤ ነባር ባለአክሲዮኖቹ አብዛኛውን ሀብታቸውን አጡ።

ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ፍርድ ይሰጥ ቢባል፣ ስቲቨን ሃርፐር የገቡትን ቃል ማጠፋቸው የማይካድ ነው፤ ቃሉን አምነው የገዙ ጡረተኞችም ተበድለዋል። ነገር ግን ፔንግሮውዝን 5 ሳንቲም ያደረሰው ያ ምሽት አይደለም። የቧንቧውን የማጓጓዣ ገቢና የሚደርቀውን ጉድጓድ ክፍያ በአንድ ስም፣ በአንድ የመቶኛ ቁጥር ለጡረተኛ የሸጡት የገበያ ሰዎች ጥፋት ከመንግሥት ጥፋት ይበልጣል። ለእነሱ ጥፋት ግን የምክር ቤት ኮሚቴ አልተጠራም።